የማህፀን ፖሊፕ፦ ይቆይ፣ ይጠረግ ወይስ እየታየ ይቆረጥ?

«ማህፀንሽ ውስጥ ፖሊፕ ይታያል» ስባል ከአፌ የወጣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ካንሰር ነው እንዴ?» ሐኪሙ «አብዛኛውን ጊዜ አይደለም» ሲሉኝ እፎይ ብዬ ዝም አልኩ። «እንዴት ነው የሚወጣው?» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «ቀላል ጠረጋ ነው» ተባልኩ፤ ተጠረግኩ። አራት ወር ሳይሞላ ደሙ ተመለሰ። እንደገና አልትራሳውንድ ታየሁ። ፖሊፑ ንቅንቅ አላለም፤ የነበረበት ቦታ ቁጭ ብሏል።

ሁለተኛው ጊዜ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ካሜራ ገባ፤ እኔም ነቅቼ በስክሪን እያየሁት ወጣ። በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል ያለውን ልዩነት ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ፖሊፕ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ማህፀን ከውስጥ በኩል ስስ ሽፋን አለው። በየወሩ የሚወፍረው፣ እርግዝና ከሌለ ደግሞ ከወር አበባ ጋር የሚወርደው እሱ ነው። የሽፋኑ አንድ ቦታ ከሌላው ተለይቶ ሲያድግና ወደ ክፍተቱ ሲወጣ ፖሊፕ ይባላል። አንዳንዱ እንደ ፍሬ በቀጭን አንገት ይንጠለጠላል። ሌላው ሰፊ ሥር ይዞ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። መጠኑ ከጥቂት ሚሊሜትር አንስቶ ብዙ ሴንቲሜትር ይደርሳል። አንድም፣ ብዙም ሊሆን ይችላል። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያሳድገዋል። በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ ይበዛል፤ ውፍረት፣ የደም ግፊትና ለጡት ካንሰር የሚወሰደው ታሞክሲፈን ደግሞ ዕድሉን ከፍ ያደርጉታል።

ከማዮማ ጋር አታምታቺው። ማዮማ ከማህፀኑ ጡንቻ የሚነሳ ጠንካራ እጢ ነው፤ ፖሊፕ ለስላሳ ነው። የማህፀን በር ላይ የሚወጣው ፖሊፕም ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ በተራ ምርመራ በዓይን ስለሚታይ፣ ብዙ ጊዜ እዚያው በመቆንጠጫ ተይዞና ተጠምዝዞ ይወጣል። ጓደኛሽ «እኔስ አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝ» ካለችሽ የእሷ ምናልባት ይሄኛው ነው። የእሷን ልምድ ላንቺ ከመገልበጥሽ በፊት የቱ እንደሆነ ጠይቂያት።

ስለ ምርመራው አንድ ነገር ልበል። በብልት በኩል የሚደረገው አልትራሳውንድ ጥሩ የሚያሳየው የወር አበባሽ እንዳበቃ፣ ከመጀመሪያው የደም ቀን ተቆጥሮ 10ኛው ቀን ሳያልፍ ነው። ያኔ ሽፋኑ ስስ ነው። በወሩ መጨረሻ ከታየሽ ግን የወፈረው ሽፋን ራሱ ፖሊፕ ሊመስል ይችላል። ጥርጣሬ ካለ፣ ሐኪሙ በቀጭን ቱቦ ትንሽ የጨው ውኃ ማህፀን ውስጥ ያስገባና እንደገና በአልትራሳውንድ ያያል። ውኃው ግድግዳዎቹን ሲያራርቃቸው ፖሊፑ ብቻውን ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ስለ ቀዶ ሕክምና ከማሰብሽ በፊት በእርግጥ ፖሊፕ መኖሩን ማረጋገጥ ከንቱ ሥቃይ ያድናል።

ይውጣ ወይስ ይቆይ?

የወር አበባሽ ገና ካልቆመ፣ ፖሊፑ ከ10 ሚሊሜትር ካነሰ፣ ደምም ሆነ ሌላ ችግር ካላመጣብሽ መጠበቅ ስንፍና አይደለም። ከእነዚህ ትናንሽ ፖሊፖች ከአራቱ አንዱ ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። በቀጠሮ አልትራሳውንድ እየታዩ መቆየት ይበቃል። ትልልቆቹ ግን በራሳቸው የመጥፋት ዕድላቸው ትንሽ ነው።

በወር አበባና በወር አበባ መካከል ጠብ ጠብ የሚል ደም ካለ፣ ወይም የወር አበባሽ በዝቶ የደም ማነስ ካመጣብሽ፣ ወይም ለማርገዝ እየሞከርሽ እምቢ ካለሽ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ማውጣቱ ነው የሚሻለው።

ካረጥሽ በኋላ ደም ካየሽ ደግሞ ነገ ዛሬ አይባልም። ጠብታም ቢሆን። ከፖሊፖች ሁሉ 3 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ካንሰር ወይም ወደዚያ የሚያመራ ለውጥ ይገኝባቸዋል፤ ካረጡ በኋላ በሚደሙ ሴቶች ላይ ግን ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ይላል። አልትራሳውንድ ደግሞ ይሄኛው ደህና ነው፣ ያኛው አይደለም ብሎ አይለይልሽም። የሚለየው ሥጋው ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። አርጠሽ፣ ደም ሳይኖርሽ፣ በሌላ ምርመራ አጋጣሚ የተገኘ ፖሊፕ ከሆነስ? እዚህ ላይ ሐኪሞችም አንድ ዓይነት አያስቡም። መጠኑ፣ ክብደትሽ፣ ታሞክሲፈን መውሰድ አለመውሰድሽ አንድ ላይ ይመዘናል።

መድኃኒትስ? ሆርሞን ያለው ክኒን እየወሰድሽው ደሙን ሊቀንስልሽ ይችላል። ፖሊፑን ግን አያወጣውም። ሆርሞን የሚለቀው ሉፕ ታሞክሲፈን የሚወስዱ ሴቶች ላይ አዲስ ፖሊፕ እንዳይበቅል ይረዳል፤ ያለውን መንቀያ ግን አይደለም። ክኒን እየቀያየረች ዓመት የገፋች ሴት አውቃለሁ። በመጨረሻ የወጣው ያው ፖሊፕ ነው፤ በመሃል የሄደው ደሟ ነው።

በጭፍን ወይስ እየታየ?

ለእኔ ትልቁ ምርጫ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው።

ጠረጋ ማለት የማህፀን በርን ከፈት አድርጎ፣ ጫፉ ማንኪያ የመሰለ ብረት አስገብቶ ግድግዳውን መፋቅ ነው። ሐኪሙ ውስጡን አያይም፤ በእጁ ስሜት ነው የሚሠራው። የሐኪም ብልሃት ማነስ አይደለም፤ ዘዴው ራሱ ጭፍን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ አንድ ጥናት ማህፀናቸው ሊወጣ ባለ ሴቶች ላይ መጀመሪያ ጠረጋ ተደርጎ ማህፀኑ ሲከፈት ምን እንደሚገኝ አይቶ ነበር። ከግማሽ በላይ በሆኑት ሴቶች ብረቱ የነካው ከግድግዳው እኩሌታውን እንኳ አልነበረም።

ፖሊፕ ደግሞ ለዚህ ብረት የተመቸ አይደለም። ለስላሳ ስለሆነ ይተጣጠፋል፤ ብረቱ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ያሳልፈዋል። ቢያዝም ጭንቅላቱ ተበጥሶ ሥሩ ይቀራል። ሥሩ ከቀረ ተመልሶ ያድጋል። የእኔም እንደዚያ ሳይሆን አልቀረም። ከዚህ ሌላ አንድ ቦታ ላይ ላለ ነገር ሲባል ጤነኛው ሽፋን ሁሉ ይፋቃል። ሲበዛ ጠባሳ ያመጣል፣ ግድግዳዎቹን እርስ በርስ ሊያጣብቅ ይችላል። ልጅ ለምትፈልግ ሴት ይሄ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ጠረጋ ፋይዳ የለውም እያልኩ አይደለም። ደም እየፈሰሰ ከሆነና አሁኑኑ መቆም ካለበት ሕይወት ያድናል። ካሜራ በሌለበትም ቢያንስ ለምርመራ ናሙና ይገኝበታል። ግን አስቸኳይ ባልሆነ ጊዜ፣ ፖሊፕ መሆኑ እየታወቀ «እንጥረገው» ከተባልሽ፣ «በካሜራ የሚሠራበት ቦታ ሪፈር ይጻፍልኝ?» ብሎ መጠየቅ ሐኪሙን መናቅ አይደለም። ሌላ አማራጭ ከሌለ ደግሞ ከጠረጋው በኋላ፣ የሚቀጥለው የወር አበባሽ እንዳበቃ አልትራሳውንድ ተነሺና መውጣቱን አረጋግጪ።

በካሜራው መንገድ የሚሠራው ሂስትሮስኮፒ ይባላል። ሆድ አይቀደድም፣ ስፌት የለም። ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ የያዘ ቀጭን መሣሪያ በማህፀን በር ይገባል። ውስጡ እንዲከፈት የጨው ውኃ ይፈስበታል። በመሣሪያው ጎን ባለች ጠባብ ቀዳዳ ደግሞ መቀስ ወይም መቆንጠጫ ይገባል። ሐኪሙ የፖሊፑን አንገት ያያል፣ ሥሩ ጋ ይቆርጣል፣ ከዚያም ደም መኖሩንና የቀረ መኖሩን እዚያው ይፈትሻል።

የእኔን በስክሪን ሳየው ገረመኝ። ሐመር ሮዝ፣ ለስላሳ፣ ላዩ ላይ ክር የመሰሉ ቀያይ የደም ሥሮች ያሉበት ነገር ውኃው ሲነካው ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። «አየሽው? ይሄ ነው ሲያደክምሽ የነበረው» አለችኝ ሐኪሟ። መቀሷ ሁለት ሦስት ጊዜ ቁርጥ ቁርጥ አደረገች። ሥሩ የነበረበት ቦታ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ብቻ ቀረች።

ይሄ ሐሳብ ትናንት የመጣም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1869 ፓንታሌዮኒ የተባለ ሐኪም ካረጠች በኋላ የምትደማ የ60 ዓመት ሴት ማህፀን ውስጥ በቱቦ አይቶ ፖሊፕ አገኘና በብር ናይትሬት አቃጠለው። ከዚያ በኋላም መቶ ዓመት ያህል በጭፍን መፋቁ ዋናው መንገድ ሆኖ መቆየቱ ነው የሚገርመኝ።

ነቅቶ ወይስ ተኝቶ?

ሂስትሮስኮፒ ከተመረጠ ቀጣዩ ጥያቄ ማደንዘዣ ነው። አንዱ መንገድ በተመላላሽ ክፍል፣ ነቅተሽ፣ ያለ ማደንዘዣ ወይም በማህፀን በር ዙሪያ በሚወጋ የቦታ ማደንዘዣ መሠራት ነው። ሌላው በኦፕሬሽን ክፍል፣ በሙሉ ማደንዘዣ ወይም ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ መርፌ ነው።

በዩናይትድ ኪንግደም የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ደም የሚያስቸግራቸውን 507 ሴቶች በዕጣ ለሁለቱ መንገዶች ከፍሎ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ «ደሙ ተስተካክሎልኛል» ያሉት በተመላላሽ ከታከሙት 73 በመቶ፣ በኦፕሬሽን ክፍል ከታከሙት 80 በመቶ ናቸው። ፖሊፑን ማውጣት ያልተቻለው በተመላላሹ 19 በመቶ፣ በኦፕሬሽን ክፍሉ 7 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ብናቆም መተኛቱ ያሸንፋል። ግን ማህፀን የተበሳባቸው አራት ሴቶች በሙሉ ከኦፕሬሽን ክፍሉ ወገን ነበሩ፤ አንዷ አንጀቷም ተጎድቶ መቆረጥ ነበረበት።

እኔ ይህን ቁጥር የማነበው እንዲህ ነው። ነቅተሽ ከሞከርሽና አልሆን ካለ የጠፋብሽ ነገር ጥቂት ነው፤ ተኝተሽ ለመሠራት ቀጠሮ ትይዣለሽ። ሕመምሽም ራሱ ጠባቂ ነው። ሐኪሙ አቅጣጫ ሲስት አንቺ «ኧረ!» ትያለሽ። የተኛች ሴት ይህን አትልም። ስለዚህ ፖሊፑ አንድ፣ ትንሽና አንገት ያለው ከሆነ በተመላላሽ መጀመር ጥሩ ነው።

ሰፊ ሥር ያለው፣ ትልቅ ወይም ብዙ ፖሊፕ ላለባት፣ የማህፀን በሯ ጠባብ ለሆነ፣ በብልት ምርመራ ጊዜ ከባድ ሕመም ወይም ጭንቀት ለሚይዛት ሴት ግን መተኛቱ ይሻላል። «ጠንካራ ሁኚ» ብሎ ማስገደድ ሕክምና አይደለም።

ሕመሙስ? ከወር አበባ ቁርጠት ከፍ ያለ ነበር፣ በተለይ መሣሪያው የማህፀን በርን ሲያልፍ። ለአንዳንዷ ምንም አይደለም፤ ለአንዳንዷ ከባድ ነው። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ካላስቸገረሽ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ መውሰድ ይረዳል። ብልት መክፈቻው ብረት ሳይገባ በካሜራው እየታየ ቀጥታ የሚገባበት ዘዴም አለ፤ እሱም ሕመሙን ይቀንሳል። ከመጀመሩ በፊት «አቁሙ ካልኩ ይቆማል አይደል?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ አዎ ካልሆነ ልብስሽን ልበሺ።

በምን ይቆረጥ?

ይሄኛው ምርጫ በአብዛኛው የሐኪሙ ነው። ያለውን መሣሪያና የለመደውን ይጠቀማል። ቢሆንም ልዩነቱን ማወቅ አይጎዳም።

መቀስና መቆንጠጫ ለትንሽ ፖሊፕ በቂ ነው። ቀጭን ስለሆነ በተመላላሽ ይሠራል፣ ሙቀት ስለሌለው ጤነኛውን ሽፋን አያቃጥልም። ልጅ ለምትፈልግ ሴት እኔ ይህን እመርጣለሁ።

በኤሌክትሪክ የሚቆርጠው የሽቦ ቀለበት ሬሴክቶስኮፕ የሚባል ባለ ካሜራ መቁረጫ መሣሪያ ላይ ተገጥሞ ነው የሚሠራው። ሐኪሞች ሽቦውን «ሉፕ» ይሉታል፤ የወሊድ መቆጣጠሪያው ሉፕ መስሎሽ እንዳትደነግጪ። ለትልቅና ሥሩ ሰፊ ለሆነ ፖሊፕ ጉልበት አለው፤ ደምንም እየቆረጠ ያቆማል። የተለመደው ዓይነት ወፍራም ስለሆነ የማህፀን በርን ማስፋትና ብዙ ጊዜም ማደንዘዣ ይፈልጋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከሚፈሰው ውኃ ላይ ነው። የድሮው ዓይነት ኤሌክትሪክ በጨው ውኃ ውስጥ ስለማይሠራ ግላይሲን የመሰለ ጨው የሌለው ፈሳሽ ይጠቀማል። እሱ ወደ ደም ሲገባ የደምን ሶዲየም ያቀጥነዋል። ስለዚህ ሰውነት ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ጤነኛ ሴት ላይ 1,000 ሚሊ ሊትር ከደረሰ ሥራው ይቆማል። ባይፖላር የሚባለው አዲሱ ዓይነት በጨው ውኃ ስለሚሠራ ገደቡ 2,500 ሚሊ ሊትር ነው። የገባውንና የወጣውን ፈሳሽ የሚቆጥር ሰው ክፍሉ ውስጥ መኖር አለበት። ሁለቱም መሣሪያ ካለ ባይፖላሩን ብዪ።

ሦስተኛው እየቆረጠ የሚስብ መሣሪያ ነው። ጎኑ ላይ ባለች መስኮት ፖሊፑን እየላጨ ወዲያው ወደ ውጭ ይስበዋል። ፈጣን ነው፣ የተቆረጠው ሥጋ ውስጥ እየተንሳፈፈ እይታን አይጋርድም፣ በኤሌክትሪክም አይቆርጥም። ደም ቢመጣ ግን በራሱ ማቆም አይችልም። መሣሪያው ውድ ስለሆነ ሁሉም ቦታ አይገኝም፤ ስለሌለ ብለሽ ቀጠሮ አታራዝሚ።

ልጅ ለምትፈልግ

ፖሊፕ ያለባት ሁሉ መሃን ናት ማለት አይደለም። ይዘው የሚያረግዙ ብዙ ናቸው። ግን ስፔን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት የሚናገረው አለው። የወንድ ዘር በቀጥታ ማህፀን ውስጥ ሊጨመርላቸው የተዘጋጁ፣ ፖሊፕ ያለባቸው ሴቶች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በሂስትሮስኮፒ ፖሊፑ ወጣላቸው። ሌሎቹ ናሙና ብቻ ተወሰደላቸው። ከመጀመሪያዎቹ 63 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 28 በመቶ አረገዙ። የበለጠ የሚገርመው፣ ፖሊፑ ከወጣላቸውና ካረገዙት አብዛኞቹ ያረገዙት ገና የመጀመሪያው ዘር የመጨመር ሙከራ ሳይደረግ ነው።

ማህፀን ማውጣት

«ከነአካቴው ይውጣና ልገላገል» የምትል ሴት አለች። ለአንድ ደህና ፖሊፕ ሲባል ከሆነ ከመጠን ያለፈ ነው። ማህፀን ማውጣት ትልቅ ኦፕሬሽን ነው፤ ማገገሙም ሳምንታት ይወስዳል። ምክንያት የሚሆነው በምርመራው ካንሰር ወይም ወደ ካንሰር የሚሄድ ለውጥ ሲገኝ ነው፣ ወይም ሌላ ማህፀንን የሚያስወጣ ችግር አብሮ ሲኖር። ወልደሽ ከጨረስሽና ፖሊፑ ከወጣም በኋላ የወር አበባሽ ከልክ በላይ ከሆነ፣ የማህፀኑን ውስጠኛ ሽፋን በሙሉ የማቃጠል ዘዴ በመሃል አለ። እሱን ካደረግሽ በኋላ ማርገዝ አደገኛ ነው፤ እርግጠኛ ሳትሆኚ አትግቢበት።

ከቀጠሮው በፊትና በኋላ

ቀጠሮውን የወር አበባሽ ካበቃ በኋላ ባሉት ቀናት አድርጊው። ሽፋኑ ስስ ነው፣ ፖሊፑ ይለያል፣ ያልታወቀ እርግዝና የመኖር ዕድሉም ትንሽ ነው። ቢሆንም የእርግዝና ምርመራው አይቅር። ደም ማቅጠኛ የምትወስጂ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ፤ በራስሽ ግን አታቁሚው። ሙሉ ማደንዘዣ ከሆነ ከምግብ 6 ሰዓት መጾም አለብሽ።

በዚያው ቀን ወደ ቤት ትመለሻለሽ። እኔ ነቅቼ ስለነበር በእግሬ ነው የወጣሁት፤ የተኛች ግን የሚወስዳት ሰው ያስፈልጋታል። ጥቂት ቀን፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሳምንት ቀለል ያለ ደም ይኖራል። ደሙ እስኪቆም ግንኙነት ይቆይ፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ይቅር፣ ሞዴስ ብቻ። በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ፣ ወይም እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ካየሽ ግን «ይሻለኛል» ብለሽ አታድሪ፤ ሂጂ።

የወጣው ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል፣ መላክ አለበት፤ ምንም ያህል ደህና ቢመስል። የእኔ ፎርማሊን ባለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ ያ ሮዝ ቀለሙ ነጣ። ነርሷን «የማን ስም ነው የተጻፈበት?» አልኳት። ስቃ ብልቃጡን አዞረችልኝ። ስሜ ነበር፤ የአባቴ ስም ግን ተሳስቷል። እዚያው አስተካከለችው። ውጤቱን ከሁለት ሳምንት በኋላ ወሰድኩ፤ በስልክ «ደህና ነው» መባሉ ስላልበቃኝ ወረቀቱን ጠይቄ፣ ኮፒውን ከአልትራሳውንዱ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስገባሁት።